ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ

ዓሊጋዝ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤
ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ በየግቢው በር፣
መዝገቡን በብብቱ፣ እስክርቢቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
የብረቱን ክዳን ገልጦ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣
አሃዙን ጽፎ የሚያልፍ።
የደሴን ውሾች በስም የሚጠራ፣ ባለዕዳ የማይዘልፍ።

ከዚያ ኩላሊቱ ሰነፈ።
ግፊት ነው ተባለ፤ ቆይቷል ተባለ፤ ጊዜው አለፈ።
ውሃ ሲለካ ለኖረ ሰው፣ ውሃ ተለካለት፤
በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ ወዲያ የለበት።
ሉባባ ማሰሮውን ከዓይኑ አርቃለች፤
እሷም ከፊቱ መጠጣት ትታለች።

ሰኞና ሐሙስ ድሮ ጾመኛ ነበረ፤
ሰኞና ሐሙስ ዛሬም አልቀረ፣
ከማሽን ሥር ሆነ እንጂ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣
አራት ሰዓት ሙሉ ደሙ ወጥቶ ገብቶ።
እኔ ሦስት ቁጥር፣ እሱ አራት ቁጥር ወንበር፤
ከመስኮቱ ጦሳ ይታየናል፣ ጉም ካልሸፈነው በቀር።

ሲስተር ብርዛፍ ሄፓሪኑን ትሰጣለች፤
«ደሙ ቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ ነው» ትላለች።
ዓሊጋዝ ይስቃል፦
«ልጅ ሳለሁ እርጋ፣ እርጋ ስባል አደግኩ፤
ይኸው ሸምግዬ አትርጋ ተባልኩ!»

አንድ ሐሙስ፣ ከማሽን በወረደ በስድስት ሰዓቱ፣
ግራ ጎኑን ወጋው። ላብ አጠመቀው።
ሉባባን አልቀሰቀሰም፤ ረዘመ ሌሊቱ።

ጠዋት ዶክተር ልሳነወርቅ እጁን ጎኑ ላይ አኑሮ፦
«ወደቅህ?»
«አልወደቅሁም።»
«ተመታህ?»
«ማን ይመታኛል?»
«ከባድ ነገር አነሳህ?»
«ከትራሴ በቀር አላነሳሁም።»
አልቆሰለም፣ አልበለዘም፣ ጠብታ ደም አልወጣው፤
ግን ከዘጠኝ ወደ አምስት ወርዷል። የት ሄደ? ማን ጠጣው?

ያኔ ዓሊጋዝ፣ ከንፈሩ እንደ ወረቀት ነጥቶ፦
«ዶክተር፣ ይኼ ሠላሳ ዓመት ያነበብኩት ነው።
ባለቤቱ ይምላል፣ ‹አንድም ቧንቧ የለ የከፈትነው›፤
ልጆቹ ይምላሉ። እኔ ግን አጎነብሳለሁ፣
ቀይዋን መርፌ አያለሁ።
ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ፣
ከመሬት በታች ነው የተሰበረ።»

አልትራሳውንዱም ይህንኑ አነበበ።
ያ የደረቀ፣ የተጨማደደ፣ ሥራ የፈታ፣
ሽንት ካፈለቀ ዓመታት ያለፈው፣ ማንም ያልመታ፣
በገዛ ራሱ ተተርትሮ፣
ደሙን በዙሪያው አቁሮ
ተገኘ።
እኛ የሞተ መስሎን ረስተነው ነበር።
ለካ የሞተ አይደማም።

በዚያው ቀን አወጡለት።
ሁለት ከረጢት ደም ከባንክ ተገኘ፤ ሦስተኛውን የሰጠው
የሰኞ ገበያው ባለዳቦ ቤት ነው፣
ዓሊጋዝ አንድ ክረምት ውሃውን ያስቆረጠበት ሰው።
«አሁን ተከፋፈልን» አለው፣ ክንዱን በጥጥ ይዞ እየወጣ።
ሉባባ ያቺን ፍሬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣
ከአባቱ መቃብር ግርጌ አስቀበረቻት፤
ስንት ዓመት አብራው ያረጀች ናት፣
ቆሻሻ ውስጥ አትጣልም ብላ።

በሦስተኛው ሰኞ ተመልሶ መጣ፣ ዱላ ይዞ፣ አጥሮ።
አሁን ያለ ሄፓሪን ነው፤ ብርዛፍ ሰዓቷን አይታ፣
በየግማሽ ሰዓቱ ቱቦውን በጨው ውሃ ታጥባለች።
አንዳንዴ ይረጋል። ማሽኑ ይጮኻል። እንደ አዲስ ትጀምራለች።
«በመጨረሻ ረጋሁ» ይላታል። አትስቅለትም።

የእኔም ዝም ካሉ ስድስት ዓመታቸው ነው።
ሁለቱም ውስጤ አሉ፤ ስለ እነሱ አስቤ አላውቅም ነበር።
አሁን ሌሊት፣ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቼ፣ የጓዳውን፣ የደጁን፣
ግራ ጎኔ ላይ አሳርፋለሁ እጄን፤
ከዚያም ቀኙ ላይ።
ባትሪ ይዤ እወጣለሁ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።
የቆጣሪውን ክዳን እገልጣለሁ።
ቀይዋ መርፌ ቆማለች።
ጥቂት ቆይቼ
ደግሜ አያለሁ።